ከግንቡ ሥር የበቀለው እንግዳ

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው የምኖረው። ነሐሴ ላይ ከግንባችን ሥር፣ ከሣሩ መሃል አንድ ዘንግ ብቅ አለ። ከጉልበቴ አይበልጥም። አበቦቹ ነጣ ያሉ አረንጓዴ ናቸው፤ ከኋላቸው ቀጭን ጅራት ተንጠልጥሏል። ጎረቤቴ እትዬ «አረም ነው፣ ንቀይው» አሉኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ፎቶውን ልኬያለሁ። ምንድን ነው?

መልስ፦ እንኳንም እምቢ አለሽ! ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። አንደኛው የአበባ ቅጠል ከሌሎቹ ተለይቶ ለሦስት ተሰንጥቋል፤ ከንፈር የሚባለው እሱ ነው። የወንዴና የሴቴው ክፍል ደግሞ መሃል ላይ ተዋህዷል። ኦርኪድ ከሚባለው የአበባ ቤተሰብ ነው፣ አለቀ። ጅራቱን ሳየው ሃቤናሪያ ከሚባለው ወገን ይመስለኛል። ጅራቱ ባዶ ጌጥ እንዳይመስልሽ፤ ውስጡ ጣፋጭ ፈሳሽ አለ፣ ምላሰ ረጅም የእሳት እራት በምሽት እየመጣ ይመጠዋል።

ነቅለሽ ጣሳ ላይ ልትተክይው እንዳታስቢ። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፣ ስንቅ የለውም። አፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም። በበጋ ቅጠሉ ቢደርቅም አትደንግጪ፣ ድንች የመሰለው ሥሩ ከታች አለ። ሙሉ ስሙን ከፈለግሽ የጅራቱን ርዝመት በማስመሪያ ለኪና ከፎቶው ጋር አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ጎራ በይ። እስከዚያው እትዬን ከግንቡ አርቂያቸው።