እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ እዚያው ነበርኩ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ፈረንሳይ ነው። እዚያ አንዳንድ ፖለቲከኞች «እኛም እንደ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ» ይላሉ። እናትሽ ይህን ሰምተው እንቅልፍ አጥተዋል። «ልጄን ያባርሩት ይሆን? የጎማ ወረዳው ቡናችንስ ገዢ ያጣ ይሆን?» ይላሉ። እኔ ዛሬ ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ያኔ ግን ለንደን ነበርኩ፤ ያውም የሆላንድ ፓስፖርት ይዤ። ሆላንድ የኅብረቱ አባል ስለሆነች ያለ ቪዛ የምኖረው በእሱ ነበር። ከዚህ ፍርሃት ጋር በደንብ እንተዋወቃለን።

ሕዝበ ውሳኔው እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ነበር። ረመዳን ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሊነጋጋ ሲል ቴሌቪዥኑ «እንውጣ» ያሉት አሸነፉ አለ፤ 51.9 ለ48.1 በመቶ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከጅማ፣ ከሂርማታ ሰፈር። (የእናት ሬዲዮ መቼም ማንንም ይቀድማል።) «ልጄ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ወጣች አሉ። እናንተንስ ወዴት ሊጥሏችሁ ነው? ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ።»

ሳቅኩ። ወደ ማድ ቤት ስገባ ግን አብራኝ የምትሠራ ፖላንዳዊት ቆማ ታለቅሳለች። 11 ዓመት ኖራለች። «ያባርሩኛል ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ጠዋት ገላቸውን የማጥባቸው ሰዎች፣ ሻይ አብረውኝ የሚጠጡት፣ ማንኛቸው እንደመረጡብኝ አላውቅም።» ለእኔ የብሬግዚት (የእንግሊዝ ከኅብረቱ መውጣት) ጭንቀት ማለት ያ ነው። ሕጉ ገና አልተጻፈም፤ የሰው ፊት ግን ያን ጠዋት ተቀይሮብናል።

በአንድ ሌሊት በእውነት የተነቃነቀው ፓውንድ ነው። ከ1.50 ዶላር ገደማ ወደ 1.33 ወረደ፤ እ.ኤ.አ. ከ1985 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። እናቴ ፖለቲካውን የተረዳችው ባንክ ስትሄድ ነው። በወር 150 ፓውንድ እልክላት ነበር። ያው 150 ፓውንድ ወደ 500 ብር ጎድሎ ደረሰ። «መንገድ ላይ ማን ቆረሰው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሌላው ሁሉ ግን እንደ ኤሊ ነበር። አገሪቱ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው። ከዚያም በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ አሮጌው ሕግ ቀጠለ። ከምርጫው እስከዚያ አራት ዓመት ተኩል ማለት ነው። በመሐል በ2019 መጀመሪያ «መውጫው ማርች 29 ነው፣ ያለ ስምምነት ከወጣን ወደብ ይጨናነቃል፣ መድኃኒት ይጠፋል» ተባለ። መንግሥት ራሱ የመድኃኒት ኩባንያዎችን ተጨማሪ የ6 ሳምንት ክምችት ያዙ ብሏቸዋል። ታዲያ እኔም በሰው ወሬ ገብቼ 24 ቆርቆሮ ቲማቲም ገዛሁ። ቀኑ ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። ቲማቲሙን የበላሁት በኮሮና ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፤ እኔን ያደከመኝ እሱ ነው። የኅብረቱን አገሮች ፓስፖርት ይዘን እንግሊዝ የምንኖር እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ድረስ ለመኖሪያ ፈቃድ እንድናመለክት ተነገረን። መጀመሪያ 65 ፓውንድ ክፈሉ ብለው ነበር፤ ሰው ሲጮህ ክፍያው ቀረ። 5 ዓመት የኖረ ቋሚ ፈቃድ፣ ያልሞላው ጊዜያዊ ያገኛል። ማመልከቻው በስልክ ነው። መጀመሪያ ላይ መተግበሪያው አንድሮይድ ላይ ብቻ ስለሚሠራ አይፎን የያዙ ጓደኞቼ የእኔን አሮጌ ስልክ እየተዋሱ ሞሉ። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ከአሠሪዎቼ አንዱ ለሁለት ዓመት በእጅ እየከፈለኝ ለግብር ቢሮ አላሳወቀም። ኮምፒውተሩ ላይ እነዚያ ሁለት ዓመታት የሉም! የባንክ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ቀጠሮ ደብዳቤ ሳይቀር ሰብስቤ ነው የሞላሁት። ተፈቀደልኝ። ካርዱስ? ካርድ የለም። ኢንተርኔት ላይ ያለ መዝገብና ኮድ ብቻ። አከራዬ ኮዱን ዓይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። በስልኩ ከፍቼ ማሳየት ነበረብኝ።

ይገርምሻል፣ እንግሊዝ ራሷ ጥገኝነት የሰጠቻቸውን የአገሬን ልጆች ይህ ሁሉ አልነካቸውም። ከእኛ እኩል ግን ይጨነቁ ነበር። በሩ የተዘጋው ገና ባልመጡት ላይ ነው። ሮተርዳም ያለችው የአክስቴ ልጅ «ልጆቹ ትንሽ ይደጉና እመጣለሁ» ስትል 2020 አለቀ። ከዚያ በኋላ ለእሷም ቪዛ ሆነ።

ስለዚህ ወንድምሽን መጀመሪያ የምትጠይቂው ወረቀቱን ማን እንደሰጠው ነው። ፈረንሳይ በራሷ ሕግ የሰጠችው የመኖሪያ ካርድ ከሆነ፣ ከኅብረቱ መውጣት ብቻውን አይሰርዘውም። የጣሊያን ወይም የሌላ የኅብረቱ አገር ፓስፖርት ይዞ እዚያ የሚኖር ከሆነ ግን የእኔ ዓይነት ነው። የደመወዝ ወረቀቱን፣ የኪራይ ውሉን ከአሁኑ አንድ ፌስታል ውስጥ ያስቀምጥ። ፈረንሳይ ወጣችም አልወጣችም አይጎዳውም።

ስለ ቡናው ለእናትሽ እንዲህ በያቸው። ጥሬ ቡና አውሮፓ ሲገባ ቀረጥ የለበትም፤ እንግሊዝም ከወጣች በኋላ አልጣለችበትም። ይልቅ እዚህ የሚያሳስበን የኅብረቱ የደን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ማሳ ቡና አንቀበልም ይላል። የአጋጣሚ ነገር፣ ቀኑ አሮጌው ሕግ እንግሊዝ ውስጥ ያበቃበት ቀን ነው። ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ቢራዘምም የማሳው ቦታ በጂፒኤስ መመዝገብ አለበት። የጎማው ማሳችሁ ተመዝግቧል?

የእኔ ፈቃድ ደግሞ 5 ዓመት ሳልመለስ ከቆየሁ ይሰረዛል። ሁለቱ አልፈዋል። «ሻንጣሽን ይዘሽ ነይ» ያለችኝ እናቴ አሁን ዓመቱን የምትቆጥርልኝ እሷ ናት። ወንድምሽን ጠይቂውና ያለሽን ጻፊልኝ።