«ስንት ትፈልጊያለሽ?» ለተባልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሁለት ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ የግል ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት ፈትኖሽ አልፈሻል፤ አሁን «ስንት ትፈልጊያለሽ?» ስላሉሽ ምን ልበል ትያለሽ። ደግሞስ ማስታወቂያው ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ብለው የሚያልፉት ለምንድን ነው?

ከሁለተኛው ልጀምር። ያንን ማስታወቂያ ለዓመታት ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝና። ቡሬ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ስንት እንደሚከፍል ወስኗል። እኔም አውቀዋለሁ። የማያውቀው ተፈታኙ ብቻ ነው። ዝቅ አድርጎ ከጠራ ጸጥ ብለን እንጽፍለታለን። ስምምነት የምንለው ይህንን ነበር።

አንድ ጊዜ ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች በአንድ ቀን ቀጠርን። ዲግሪያቸው አንድ ዓይነት፣ ልምዳቸው ሁለት ሁለት ዓመት። ልጁ 6,500 አለ፤ ሰጠነው። ልጅቷ ወለል ወለሉን እያየች «እናንተ እንዳያችሁት» አለች። 4,200 ተጻፈላት። እናቷ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ለአንድ ኪሎ በርበሬ ግማሽ ሰዓት እንደምትከራከር አልጠራጠርም። ለራስ ሲሆን ግን ብር መጥራት ነውር ይመስለናል።

ያኔ ደመወዝ በእጅ ነው የሚከፈለው። በደመወዝ መክፈያው ዝርዝር፣ በፔይሮሉ ላይ፣ ስም፣ ደመወዝ፣ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ፣ ፊርማ በአንድ መስመር ይሰፍራል። ገንዘብ ያዧ የሌላው እንዳይታይ ከላይም ከታችም በወረቀት ትሸፍናለች። በሦስተኛው ወር ቬንትሌተሩ የላይኛውን ወረቀት ገለበጠው። ልጅቷ ከስሟ በላይ ያለውን ቁጥር አየች። ምንም ሳትል ፈረመች። ከሰዓት ቢሮዬ መጥታ «ጋሼ፣ እኔ ምን አጎደልኩ?» አለችኝ። «መቼ ጠየቅሽ?» ልላት ቃጥቶኝ ዋጥኩት። ለተመሳሳይ ሥራ ሴቶች እኩል ክፍያ ይገባቸዋል የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 42 እኮ ለሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥበት ነበር! ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ የስኬል ሰው ሆንኩ፤ ለየመደቡ የሚከፈለው አስቀድሞ በሠንጠረዥ የተጻፈበት ማለቴ ነው። የመንግሥት ቤትን እይው። ደረጃውና በደረጃው ውስጥ ያለው የደመወዝ መወጣጫ፣ እርከኑ፣ ይታወቃል፤ የመምህሩን ደመወዝ ጎረቤቱ ሳይቀር ያውቀዋል። ያንሳል ብለው ያማርራሉ እንጂ «እገሌ ለምን በለጠኝ» ብለው ብዙም አይናከሱም። ስኬልም ግን ጣጣ አለው። በኋላ ባሕር ዳር የሠራሁበት ድርጅት ስኬል ነበረው። አንድ እጁ የተባረከ ቴክኒሻን ሌላ ቦታ ሊሄድብን ሲል «የሙያ አበል» ብለን ስኬሉን በጓሮ በር ዞርነው። በሳምንቱ አምስት ሰው አበል ይገባኛል ብሎ ደጄ ላይ ተሰለፈ። ራስ ምታት ነበር። ቢሆንም ከተሸፈነው ፔይሮል ይሻለኛል፤ ቢያንስ ጭቅጭቁ በአደባባይ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ቁጥር ቀድመሽ አትጥሪ። «ለዚህ መደብ የያዛችሁት ስንት ነው? ስኬል ካላችሁ ልየው» በያቸው። ስኬል ካላቸው በብሩ ላይ አትድከሚ፤ ክርክርሽ እርከኑ ላይ ይሁን። የትኛው ልምድሽ እንደተያዘልሽ ጠይቂ። ከግል ድርጅት ያመጣሽው የልምድ ወረቀት ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው ብዙ ጊዜ አይያዝም፤ ዛሬውኑ አስጽፊው።

ስኬል የለንም ካሉ፣ እዚያው ማርቆስ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቀሽ ከሰማሽው ከፍ አድርገሽ ጥሪ። ደግሞ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ሳትለዪ እሺ እንዳትዪ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ያልተጣራ 10,000 ብር ላይ ግብሩ 1,650፣ የጡረታ 7 በመቶው 700 ነው። እጅሽ የሚገባው 7,650 ብቻ ነው።

ስኬሉን ካሳዩሽ ደረጃና እርከኑን ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።