ዋስ ሲሆኑ «ፍጹምና ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ያለውን ሱቅ ሊያሰፋ 200,000 ብር ሊበደር ነው፤ ዋስ ሁነኝ ብሎኛል። የውሉ ረቂቅ «ፍጹምና ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ፣ ከተበዳሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» ይላል። አበዳሪው ወደ እኔ የሚመጣው መጀመሪያ እሱን ጠይቆ፣ ንብረቱን ሸጦ ሲያጣ አይደል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይደለም። በዚህ አጻጻፍ ከፈረሙ፣ ዕዳው ሳይከፈል ቀኑ ሲያልፍ አበዳሪው የአክስትዎን ልጅ ሳይጠይቅ፣ ሱቁንም ሳይነካ እርስዎን መክሰስ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1933 ይህን ይፈቅድለታል። ክብደቱ ያለው «በአንድነትና በነጠላ» በሚለው ላይ ነው። እሱ ተሰርዞ ተራ ዋስ ቢሆኑ ኖሮ የተበዳሪው ንብረት አስቀድሞ ይሸጥ ማለት ይችሉ ነበር። ተራ ዋስም ቢሆን ታዲያ ይህን ክሱ እንደደረሰው ወዲያው ማንሳት አለበት፤ ብዙዎች መብቱን የሚያጡት ቆይተው ሲያስታውሱት ነው።

«ፍጹም» ቢባልም ግን ወሰን አለው። በቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ «በኋላ እንሞላዋለን» ቢባሉ በፍጹም አይፈርሙ። ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። ቀጥሎ «ዋናው ገንዘብ፣ ወለድ፣ መቀጫና ወጪ ተደምሮ ከዚህ አይበልጥም» የሚል ይጨመር፤ ይህ ከቀረ ወለዱ በ200,000 ላይ ተጨምሮ ይከፈል የሚል ክርክር ይከተላል። የተበዳሪው ዕዳ በከፊል ከተከፈለ የእርስዎም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ዋስ ከባለዕዳው በላይ አይጠየቅም።

አበዳሪዎች የታተመ ቅጻቸውን መቀየር አይወዱም። እምቢ ካሉ ራስዎ እንደተበደሩ አድርገው ያስሉት፤ ወርሃዊ ክፍያውን ከገቢዎ መሸፈን ካልቻሉ ለዘመድ ይሉኝታ ብለው አይግቡ። ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛዎ ሳይስማሙ አይፈርሙ፤ ኋላ ላይ ውሉም ትዳሩም ክርክር ውስጥ ይገባል።

ከፈረሙ የውሉን ቅጂ ይያዙ። መክፈል ግድ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት ለአክስትዎ ልጅ በጽሑፍ ያሳውቁ። ሳያሳውቁት ከፍለው እሱም ሳያውቅ ደግሞ ቢከፍል፣ ከእሱ የማስመለስ መብትዎን ሊያጡ ይችላሉ። ደረሰኙ «ዋስ ስለሆንኩለት ዕዳ የተከፈለ» ብሎ በስምዎ ይቆረጥ፤ ገንዘብዎን ከእሱ ለማስመለስ የሚያቀርቡት ማስረጃ እሱ ነው።