ማታ ሲርብሽ ፍሪጅ ውስጥ ምን አለ?

እህቴ፣ «አትክልትና ጥራጥሬ ላይ ያተኮረ አመጋገብ እጀምርና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይፈርሳል፤ ቶሎ ቶሎም ይርበኛል፤ እናንተ እንዴት ዘለቃችሁ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እኔም ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ትቼዋለሁ። አሁን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የረዳኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ረሃቡ። ያኔ ሥጋውን ከሳህኔ አነሳሁና በቦታው ምንም አልተካሁም። ሰላጣ ብቻ በልቶ የዋለ ሰው እንዴት አይርበው? ነገሩ የተስተካከለልኝ ጥራጥሬን ዋና ምግብ ሳደርገው ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ 15 ግራም ያህል ደግሞ ፋይበር አለው። ይዞሽ ይውላል። ብቻ በትንሹ ጀምሪ፤ ሆድ ካልለመደው ይነፋል።

ዋናው ችግር ግን ማታ ነው። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ጥሬ ቦሎቄ የማበስልበት አቅም የለኝም። ያን ሰዓት የሚበላው የተገኘው ነው። ስለዚህ የተገኘው ጥራጥሬ እንዲሆን አደርጋለሁ። ቅዳሜ ማታ ቦሎቄ እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት እጥፍ ሆኖ አብጦ፣ አንዳንዱም ቆዳው ተሰንጥቆ አገኘዋለሁ። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቼ በአዲስ ውሃ እጥደዋለሁ። ቀዩ ቦሎቄ ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ መንተክተክ አለበት፤ ጥሬው ሆድ የሚያውክ የተፈጥሮ መርዝ ስላለው። ከዚያ እሳቱን ቀንሼ እተወዋለሁ። መብሰሉን የማውቀው አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቴ ስጫናት ነው። መሃሏ ሳይቆረቁረኝ ልፍት ካለች በቃ፣ በስሏል። ለሦስት ቀን የሚሆነውን ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረውን በየምግቡ ከፋፍዬ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማታ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ቁሌት አድርጌ እጨምረዋለሁ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ይሄን ግን አደራ በቀላሉ አትለፊው። እኔ እንቁላልም ወተትም ጨርሶ ትቻለሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ጣቶቼን ይነዝረኝ፣ ድካሙም አልለቅ ይለኝ ጀመር። ስመረመር ቫይታሚን ቢ12 አንሶኝ ነበር። ዕፅዋት ውስጥ አስተማማኝ ቢ12 የለም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉድለቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው፤ እኔንም ያዘናጋኝ ይሄው ነው። የእንስሳት ተዋጽኦ ሙሉ በሙሉ የምትተዪ ከሆነ ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ወይም እንክብሉ ግድ ነው። ሐኪም አማክሪ፣ ተመርመሪ። ለአይረን ደግሞ ምስርሽ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ ሻይና ቡናውን ከምግብ ሰዓት አርቂው፣ አይረኑን ሰውነትሽ በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉና።

ሰው ቤት ሄደሽ ሌላ ነገር ከበላሽም «ፈረሰ» አትበዪ። እኔን ሁለቱንም ጊዜ ያስተወኝ አንድ ቀን ስቼ «እንግዲህ አበቃ» ማለቴ ነው። የሚቀጥለው ምግብ ላይ ትመለሻለሽ።

ለዚህ ሳምንት ሌላውን ሁሉ ተዪውና ግማሽ ኪሎ ቦሎቄ ብቻ ዘፍዝፊ። ሲበስል ከኪሎ በላይ ይሆናል። ለአራት ወይም ለአምስት ማታ ይበቃሻል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ እንዴት እንደሆነልሽ እዚሁ ጻፊልኝ።