እንጆሪ ከአዲስ አበባ እንዳታስጭኚ (ስለ እራቱ ለጠየቅሽው እህት)

«ደሴ ነኝ፤ ለጓደኞቼ ቤቴ ውስጥ ሁሉ ነገሩ በእንጆሪና በመሰል ፍሬዎች የሆነ እራት ላዘጋጅ አስቤያለሁ፤ እንጆሪውን ከየት ላምጣ፣ ምንስ ልሥራ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ከላይ የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «ሱፐርማርኬት ጠይቂ»፣ ግማሾቹ «ዶሮሽን ሥሪና ተገላገይ» ብለውሻል። አንዳቸውም አልሞከሩትም። እኔ አምና ስምንት ሰው ጠርቼ ሞክሬዋለሁ፤ ወላሂ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

1. እንጆሪ ከአዲስ አበባ አታስጭኚ። ይሄንን ብቻ አንብበሽ ብትተዪውም ይበቃሻል።

እኔንም እንዳንቺ ስልክ ላይ ያየሁት ፎቶ ነው ያሳበደኝ። ሸገር ያለችው የእህቴ ልጅ አራት ኪሎ ገዛችልኝ። ልጅቷ ደግሞ ንጹሕ ትወዳለች፤ «አክስቴ እንዳትቸገር» ብላ አጥባ፣ አራቱንም ኪሎ በአንድ ካርቶን ከታ በአውቶብስ ላከችው። እንጆሪ የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው። ውሃ ከነካው በኋላ ካደረ ይላሽቃል፣ ይሻግታል። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር። መንገዱንም አስቢው፤ 400 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ችግር የለም። ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ግን ምድጃ ነው፣ ከሚሴም ያው ነው፣ ከዚያ ኮምቦልቻን ይዞ እንደገና ወደኛ ብርድ ይወጣል። ለሰውም ይከብዳል እንኳን ለእንጆሪ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዕቃ መረከቢያው ጋ ደረስኩ። ልጁ ካርቶኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ከጠረጴዛው አራቀው። ከታች በኩል ቀይ ነገር ጠብ ጠብ ይላል፣ ጫማው ላይ ነው የሚያርፈው።

«ሥጋ መጫን ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

«እንጆሪ ነው ወንድሜ።»

«እንጆሪ እንዲህ ይደማል?»

ሰው ተሰበሰበ። ክፈቺው ተባልኩ። ከላይ አንድ ሦስት እፍኝ ደህና አለ፤ ከዚያ በታች ገንፎ። እኔ የሰው ፊት አፍሬ ልሄድ ስል፣ «ቆይ፣ ተቀባይ የሚለው የወንድ ስም ነው፤ መታወቂያው ይምጣ» አለኝ። የባለቤቴ ስም ነው የተጻፈው። ገንፎውን ለመረከብ መታወቂያ! ባለቤቴ ከሥራ እስኪመጣ ምሽት 1 ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ደግሞ ፍሳሹ የሌላ ሰው በርበሬ ጆንያ አበላሽቷል ተብዬ 300 ብር ከፈልኩ። በርበሬውንም አላሳዩኝ፣ ደረሰኝም አልሰጡኝ። እስካሁን በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ማታውኑ ለአክስቴ ደወልኩላት። ቦሩ ሜዳ በኩል ነው የምትኖረው። ነገሩን ስነግራት ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ ከዚያ፦ «እንጆሪ በአውቶብስ? ታዲያ የኔን አጥር የወረረው ምን ይባላል?»

እህት ዓለም፣ እንጆሪ ማለት እኮ ለኛ መጀመሪያም እሱ ነው፤ እሾኻማው ሐረግ ላይ የሚያፈራው፣ ጥቃቅን ዶቃ የተሰካካ የሚመስለው፣ ልጅ ሆነን ከንፈራችንን የምናቀላበት። ገበያ ያለው ትልቁ የፈረንጅ ነው፤ ስሙን ከኛ ተውሶ እኛኑ አራቆተን።

2. በማግስቱ የአክስቴ ጎረቤት ልጆች ለቀሙልኝ። በጆግ ተዋዋዪ፣ በኪሎ አይደለም፤ እነሱም ሚዛን የላቸው። ፌስታል አትስጪያቸው፣ ተጨፍልቆ ይመጣል። አፈ ሰፊ ጣሳ ይዘሽ ሂጂ፣ ከግማሽ በላይም አይሙሉት። የትኛው መቼ እንደሚደርስ ደግሞ እኔን አትጠይቂኝ፤ ቀበሌ ለቀበሌ ይለያያል። እረኛ ጠይቂ፣ ከግብርና ባለሙያ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን በደንብ አድርጊልኝ፦ የመጣውን በሰፌድ ዘርግተሽ አንድ በአንድ ልቀሚ። ኮሽም (ኮምጣጣውን የዱር ፍሬ) አምጡ ብያቸው ትንሹ ልጅ ውስጡ አምስት ስድስት እምብዋይ ቀላቅሎ አመጣልኝ። ሁለቱም ሲበስሉ ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም እሾህ ያለው ላይ ነው የሚበቅሉት፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። እምብዋይ አይበላም፣ መርዝ አለው። አክስቴ ባታይልኝ ኖሮ እንግዶቼን ይዤ ሆስፒታል ነበርኩ።

3. አጋም ካገኘሽ ጥቁሩን ብቻ። ገና ቀይ የሆነው ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፣ ከንፈር ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። እኔ «ትንሽ ቀይ ለቀለም ያምራል» ብዬ አንድ ኩባያ ጨምሬ ጭማቂውን በሙሉ አበላሸሁት።

4. ቀጋ፣ የዱር ጽጌረዳው ፍሬ። ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ይበላል፣ ልጆች አንገት ውስጥ እየከተቱ የሚጫወቱበት ነው። ለሁለት ሰንጥቀሽ በማንኪያ ጫፍ ቧጭሪው። እኔ ለሁለት ጆግ ፍሬ ከጧት እስከ ዙህር ተቀምጫለሁ፤ ጎረቤቴ ባታግዘኝ አልጨርስም። ከዚያ በውሃ ቀቅለሽ፣ በንጹሕ ነጠላ ሁለቴ አጥልለሽ፣ በማር አጣፍጪው። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሚ፤ ኮምጣጣ ነገር ብረት ብረት ይላል። እኔ በሸክላ ነው የሠራሁት። ጁስ መፍጫ ላይ ደግሞ ብዙ ተስፋ አታድርጊ፤ እኔ ልፈጭ ስል መብራት ጠፋ፣ በሙቀጫ ነው የጨረስኩት። ሲቀርብ ሁሉም ወይን ነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ብርዝ በቀጋ ነው ስላቸው ነው የጠጡት።

ምግቡ ላይ መጣሁልሽ። የወሎ ሰው ነሽ፣ የጓደኞችሽ ግማሽ እስላም ግማሽ ክርስቲያን እንደሚሆን አልጠራጠርም። ሥጋ ከሠራሽ ሁለት ድስት፣ ሁለት ትሪ፣ ሁለት ጭልፋ ነው፤ ገበታውም ለሁለት ይከፈላል። አሳ ግን የማንም ቢላ አይጠይቅም። ከሐይቅ ከተማ ትኩስ ቆሮሶ አሳ አስመጣሁ፣ 30 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ያስመጣሁትም በሰው እጅ ነው እንጂ በዕቃ ጫኝ አይደለም፣ ተምሬያለሁ። ደረቅ አድርጌ ጠበስኩትና ኮሽሙን ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ወቅጬ እንደ ዳጣ አቀረብኩት። ሎሚ አልፈለግሁም፤ ኮሽም ከሎሚ ይበልጥ ጥርስ ያጠርሳል። እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ በሉ። ዳጣው ነው መጀመሪያ ያለቀው፣ ይሄንን ስጽፍ ራሱ ምራቄ እየመጣ ነው። ቀኑን ግን ረቡዕና ዓርብ አታድርጊ። «አሳ ይፆማል፣ አይፆምም» ክርክሩ ከተነሳ እራትሽ ጉባኤ ይሆናል። እኔ ቅዳሜ ነው ያደረግሁት።

ኬክ አላልኩም። ኦቨን የለኝም፣ ቢኖረኝም መብራቱ የለም። ያደረግሁት ምንድነው፣ ጭኮ ሠራሁ። በሶውን በደንብ በነጠረ ቅመም ባለው ቅቤ አሽቼ ትሪ ላይ ደፋሁት፣ ላዩን በስፋት ከፍቼ የአክስቴን እንጆሪ ደረደርኩበት። ቅቤው እንጆሪውን ያዘው፣ እንጆሪው ቅቤውን ሰበረው። ከአዲስ አበባ የመጣችው ጓደኛዬ «ይሄ የት ካፌ ነው የሚሸጠው?» አለች። አክስቴ ቦታው ላይ ብትኖር ደስ ይለኝ ነበር። ከአውቶብሱ የተረፉትን ሦስት እፍኝ ዳር ላይ ለጌጥ አደረግኋቸው፤ ማንም አልነካቸውም።

ቁጥሬ ጠፋብኝ፣ 5 ነው መሰለኝ። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እንዳታነጥፊ። የእንጆሪና የአጋም ቀለም በቀላሉ አይለቅም። እናቴ የሰጠችኝ ጥልፍ ነበረ፣ አሁን የፎጣ ሥራ ይሠራል። እንግዳም ነጭ ለብሶ እንዳይመጣ ቀድመሽ ንገሪ፤ አንዱ የባለቤቴ ጓደኛ ከሠርግ ቀጥታ መጥቶ እጅጌው ላይ እስካሁን ማኅተም አለ።

የተጠሩት ውስጥ ቃሚ ካለ ደግሞ ሰዓቱን አስቢበት። ከበርጫ የተነሳ ሰው አይበላም፣ ያያል እንጂ። ሁለቱ ምርቃና ላይ ሆነው መጥተው ያንን ሁሉ ቀጋ የቧጨርኩበትን ብርዝ ለአፍ መክፈቻ ያህል እየተጎነጩ ስለ ጦሳ ተራራ አፈጣጠር ሲያወሩ አመሹ። ለእነሱ ምሳ ጥሪያቸው።

ብዛት ላይም እንዳትጨነቂ። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ግብር አይደለም የምታበዪው። ለስምንት ሰው ሁለት ጆግ እንጆሪ፣ አንድ ጆግ ኮሽም፣ ሁለት ጆግ ቀጋ በቅቶኝ ተርፏል። ከዚያ ቡናሽን አፍልተሽ ሦስቱንም አጠጫቸው፤ ቡናው ላይ እንኳን ፍሬ ጨምሪ የሚል ሰው ካለ አትስሚው።

የአክስቴን መንደር ልጆች ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አገናኝሻለሁ። ጣሳውን ግን ከቤትሽ ይዘሽ ነይ፤ የኔን ወስደውት አልመለሱልኝም።