800 ሜትር ለሴት ልጅ ይከብዳል?

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ለትምህርት ቤቷ 800 ሜትር ትሮጣለች። አጎታችን ግን «ድሮ ኦሊምፒክ ላይ ሴቶች ይህን ሩጫ ሲሮጡ እየተዝለፈለፉ ስለወደቁ ተከልክሎ ነበር» እያለ እናታችንን ያስፈራራታል። እውነት ነው?
(ከደሴ)

መልስ፦ መከልከሉ እውነት ነው። ለክልከላው ምክንያት ተብሎ የተወራው ግን ሐሰት ነው። ሴት ልጆችን በዚሁ ርቀት ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ወሬው ዛሬም በየቤቱ ሲዞር መስማት ያንገበግበኛል።

ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ መወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው፤ ያውም በአምስት ውድድሮች ብቻ። ለዚህም ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚሊያ ብዙ ታግላለች። የኦሊምፒኩ በር ሲዘጋባት በ1922 ፓሪስ ላይ የሴቶችን ዓለም አቀፍ ውድድር ለብቻው አዘጋጀች። እዚያ ሴቶች 1,000 ሜትር ሮጠዋል፤ ከአምስተርዳም ስድስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

የአምስተርዳሙ የ800 ሜትር ፍጻሜ የተካሄደው ኦገስት 2 ነበር። ዘጠኝ ሴቶች ተሰለፉ፤ ዘጠኙም ጨረሱ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2:16.8 የዓለም ክብረ ወሰን አሻሽላ አሸነፈች። ጃፓናዊቷ ኪኑዌ ሂቶሚ በ2:17.6 ሁለተኛ፣ ስዊድናዊቷ ኢንጋ ጌንትዘል በ2:17.8 ሦስተኛ ወጡ። ሂቶሚን በተለይ አደንቃታለሁ። ተስፋዋን የጣለችው 100 ሜትር ላይ ነበር፤ በግማሽ ፍጻሜው ስትቀር ባዶ እጄን አልመለስም ብላ ተወዳድራበት በማታውቀው 800 ገባች። ለጃፓን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘችው በዚህ ሩጫ ነው።

ከውድድሩ በኋላ ሜዳው ላይ የተዘረሩ ነበሩ። 800 ሜትርን ከልቡ የሮጠ ሰው ወንድም ቢሆን ይዘረራል፤ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ግን 11 ሴቶች እንደሮጡ፣ 5ቱ እንዳቋረጡ፣ ሌሎች 5 ደግሞ መስመሩን አልፈው እንደወደቁ ጻፈ። ዘጠኝ ሯጭ በነበረበት ውድድር 11 ከየት መጡ? መጀመሪያውኑ ሴቶቹን ያልፈለጓቸው ሹማምንት ግን ሰበብ አገኙ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1960 የሮም ኦሊምፒክ ድረስ ሴቶች ከ200 ሜትር በላይ አልሮጡም። 32 ዓመት! ስንት ጎበዝ ሯጭ በዚህ መሐል ዕድሜዋ አልፎባት ይሆን?

ሮም ላይ የሶቪየቷ ሉድሚላ ሼቭትሶቫ በ2:04.3 አሸነፈች። 1,500 ሜትር የተጨመረው በ1972 ሙኒክ ላይ ነው። ለአጎታችሁ ደግሞ የቅርቡን ንገሩት፦ በ2024 ፓሪስ ላይ የኛዋ ጽጌ ዱጉማ በዚሁ 800 ሜትር በ1:57.15 ብር አምጥታለች።

እህትሽን በሚመለከት፣ ከሩጫው በኋላ ትንፋሽ አጥሯት ብትንበረከክ እናታችሁ አትደንግጥ። ከተቻለ ወዲያው ከመቀመጥ ይልቅ ቀስ እያለች ትራመድ፤ ውሃም በትንሽ በትንሹ ትጠጣ። ሩጫው መሐል ላይ ደረቷን ካመማት ወይም ራሷን ከሳተች ግን በሐኪም ሳትታይ ወደ ልምምድ አትመለስ። ይህ ለወንድ ሯጮቼም የምለው ነው።