ረዳት ነርስነት፣ ደም መቅዳት ወይስ የቤት ለቤት እንክብካቤ?

ጥያቄ፦ ከታካሚዎች ጋር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ለዓመታት ለመማር ግን አቅሙ የለኝም። ለረዳት ነርስነት፣ ለደም ናሙና መቅዳትና ለቤት ለቤት እንክብካቤ የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች አግኝቻለሁ። አንደኛው በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። በምን ልምረጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብዎት ማሠልጠኛውን ሳይሆን ቀጣሪውን ነው። ሊሠሩባቸው የሚያስቡ ሁለት ሦስት ሆስፒታሎች ወይም ክሊኒኮች ዘንድ ይሂዱና የየትኛውን ተቋም ሰርተፍኬት እንደሚቀበሉ፣ የብቃት ምዘና ወይም ፈቃድ ይጠይቁ እንደሆነ ያጣሩ። ሥልጠና መጨረስዎን ብቻ የሚገልጽ ወረቀት ለምዘና ላያስቀምጥዎት ይችላል። (ማሠልጠኛዎቹ «ሥራ እናስቀጥራለን» ካሉዎትም በጽሑፍ ስጡኝ ይበሏቸው።)

በኢንተርኔት ብቻ የሚያልቀውን ይተዉት። ንድፈ ሐሳቡን በስልክ መከታተል ይቻላል፤ ተግባሩን ግን አይቻልም። ታካሚን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወርን እንውሰድ። ዊልቸሩ ታካሚው በሚበረታበት ጎን ይጠጋል፤ የሁለቱም ጎማ ፍሬን ይያዛል፤ የእግር መርገጫው ይታጠፋል። ታካሚው እንዳያዞረው መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጣል። ሲያነሱት ጉልበትዎን አጠፍ ያደርጋሉ እንጂ ከወገብዎ አያጎነብሱም። በቪዲዮ ብቻ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ፍሬኑን ይረሳል፤ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ታካሚው ወለል ላይ ነው።

ደም መቅዳትም እንዲሁ ነው። መለማመጃው የፕላስቲክ ክንድ ላይ ያለው የደም ሥር አይሸሽም፤ የሰው ግን ይሸሻል። ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል፤ ሥር ፍለጋ ላይ ያለ ጀማሪ ደግሞ ሰዓቱን ይዘነጋል። ስለዚህ ማሠልጠኛውን «ከስንት ሰው እቀዳለሁ? ማን አጠገቤ ይቆማል? የተግባር ልምምዱ የት ነው? ቦታውን የምታመቻቹት እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ?» ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ ብዙዎች የሚሰሙት ከከፈሉ በኋላ ነው።

ወደፊት ነርስ መሆን ካሰቡ ረዳት ነርስነቱን ይያዙ፤ ከሦስቱ ሰፊውን ልምድ የሚሰጥ እሱ ነው። ወገብዎ ክብደት የማይችል ከሆነ ደም መቅዳቱ ይሻላል። የቤት ለቤቱን ለጀማሪ አንመክርም፤ ታካሚው ሲደክም አጠገብዎ የሚጠይቁት ባለሙያ የለም።

ክፍያው የደንብ ልብስን፣ የምዘናንና የክትባትን ወጪ ማካተቱንም ይዩ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ 3 ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ስለሚወሰድ፣ ካልተከተቡ ምዝገባውን ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይጀምሩት።